ፋልኮ የማን ነው

ውሻው ቤታችን በገባበት ቀን ባለቤቴ ኢልዜ አንድ ሕግ አወጣች፤ ኤቫልት እንዳይነካው። ኤቫልት ማለት እኔ ነኝ፤ የቤቱ አባወራ፣ ጡረታ የወጣሁ የትራም ሹፌር፣ ከእሷ ጋር ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው።

«አትዳብሰው፣ አታብላው፣ በስሙም አትጥራው» አለችኝ ቡችላውን ከጃኬቷ ውስጥ እያወጣች። «ካየህ ደግሞ ዓይንህን ወደ ሌላ አዙር። ለእሱ አንተ ግድግዳ ነህ።»

«ግድግዳ እንኳ ሥዕል ይሰቀልበታል» አልኳት።

አልሳቀችም። በእኛ በሩር፣ በድንጋይ ከሰሉ አገር፣ በውሻ ስፖርት የተለከፈ ሰው በቀልድ አይመለስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዝናብ ይዝነብ በረዶ ይውረድ፣ የላስቲክ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ በኪሳቸው የተቆራረጠ ቋሊማ ይዘው ከውሻ ማሠልጠኛው ክበብ ሜዳ አይቀሩም። ኢልዜ ደግሞ የበፊቱ ውሻችን ብሩኖ የሠራትን አልረሳችም። ብሩኖ የሁሉም ወዳጅ ነበር። በትልቅ ውድድር መሀል፣ ዳኛው እያየው፣ ሥራውን ትቶ ወደ ተመልካቹ ሄደና አገጩን የአንዲት የማያውቃት ሴትዮ የኬክ ሳህን ላይ አሳረፈ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ኢልዜ ግን የሚቀጥለው ውሻዬ ከእኔ በቀር ሰው አያውቅም ብላ ያን ዕለት ማለች።

ስለዚህ አዲሱ ቡችላ ፋልኮ በሳህን በልቶ አያውቅም። እያንዳንዷን ጉርሻ ሠርቶ፣ ከእጇ ነው የሚያገኛት። ኳሱ የሚወጣው ከእሷ ኪስ ነው፤ ጨዋታም፣ ሽርሽርም፣ ደግ ቃልም ከእሷ ነው። ገና ቡችላ እያለ መጥቶ ነጠላ ጫማዬን ሲያሸት እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። አንዱ ጆሮው ቆሞ፣ አንዱ ተኝቶ፣ ጭራውን እያወዛወዘ ይጠብቀኛል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር። መልስ ሲያጣ ቀስ በቀስ መምጣቱን ተወ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ፤ በውሻው ይሁን በሚስቴ ግን አላውቅም።

ሥራቸው ግን ሲያዩት ያምር ነበር። በግራ ጉልበቷ ሥር ሆኖ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል ይሄዳል፤ ስትዞር ይዞራል፣ ስትቆም ቁጭ ይላል። የክበቡ አሠልጣኝ ዴትማር ሰው አሞግሶ የማያውቅ ደረቅ ሰውዬ ነው። እሱ እንኳ «ይሄ ውሻ አገር አቀፍ ውድድር ይደርሳል» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ኢልዜ ያን ምሽት የድንች ሰላጣ እየሠራች ስታንጎራጉር አመሸች።

በብርዱ ወራት መጨረሻ ሆዷን ያማት ጀመር። የቆሽት ካንሰር ነው አሉን። ሐኪሟ ብዙ ነገር ተናገረች፤ እኔ የያዝኩት አንዱን ብቻ ነው። ቅጠል ሲረግፍ አትኖርም።

ቤት እንደገባን ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፋልኮ ሮጦ መጥቶ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ጣለ። ልትዳብሰው እጇን አነሳችና አየር ላይ አቆመችው፤ ከዚያ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ውሻው ያንተ ነው» አለችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? አሁን ይሄ ነው የሚወራው?»

«እና ምን እናውራ? ስለ ሬሳ ሣጥን? እኔ ስሞት ከማን እጅ ይበላል? ከእኔ በቀር ሰው እንዳያውቅ አድርጌዋለሁ። እንዲህ ያለ ውሻ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይከርምና አንዱን ይነክሳል። የነከሰ ውሻ ደግሞ መጨረሻው የሞት መርፌ ነው።»

«ለዴትማር ስጪው።»

«ዴትማር ሦስት ወንድ ውሻ አለው፤ ከዚህ ጋር ሲቦጫጨቁ ይኖራሉ። ያለኸኝ አንተ ነህ፣ ሽማግሌው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ግድግዳዋ እሷ ሆነች።

ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝ። ኳሱን በአፉ ይዞ መጥቶ እግሯ ሥር ያስቀምጣል፤ እሷ መስኮት መስኮቱን ታያለች። በአፍንጫው ገፋ ያደርግላታል፤ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ሲጮኽባት ተነሥታ መኝታ ቤት ትገባና በሩን ትዘጋለች። እሱ በሩ ሥር ተጋድሞ ያላዝናል፣ እሷ ከውስጥ ታለቅሳለች፣ እኔ ቋሊማ በእጄ ይዤ መሀል ቆሜያለሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ይሄኛው ከእኔ እጅ ከመብላት ጦሙን ማደር መረጠ፤ የጎኑ አጥንት እስኪቆጠር ከሳ።

ድምጿን እንዳይሰማ ትምህርቱን የምትሰጠኝ በስልክ ነበር። እሷ መኝታ ቤት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በመስኮት ታየኛለች፤ እኔ ጓሮ ነኝ።

«ምንድን ነው እንደ ትራም ማስታወቂያ የምታወራው? ቀጣይ ፌርማታ እየነገርከው እኮ አይደለም! ልክ ሲሠራልህ ወዲያው አሞግሰው፣ በደስታ! ድምፅህ ይጨፍር!»

«አሁን የጭፈራ ጊዜ ነው?»

«እሱ ምን ያውቃል? ለእሱ ጨፍርለት።»

እናም ጨፈርኩ። ሚስቴ እየሞተችብኝ እኔ ጓሮ ውስጥ ጎበዝ፣ ጎበዝ እያልኩ ዘለልኩ። የአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ነገሩን ከሰማ በኋላ ግን ባየኝ ቁጥር ወደ ቤቱ መግባት ጀመረ።

አንድ ቀን አልቻልኩም። «ኢልዜ፣ ይበቃል» አልኳት። «ለዛሬ ብቻ አልጋሽ ላይ ይውጣ። እኔ አላየሁም።»

«ዛሬ ከነካሁት ነገም በሩ ሥር ነው። ከሞትኩም በኋላ እዚያው በሩ ሥር ነው።» ከዚያ ግን ጠየቀችኝ፤ «ከጆሮው ሥር ያለው ፀጉር አሁንም እንደ ቡችላ ነው? ወይስ ሻከረ?»

«ለስላሳ ነው» አልኳት። ዋሸኋት። እስከዚያን ቀን ድረስ እጄን ወደ ጆሮው እንዳስጠጋ ፈቅዶልኝ አያውቅም ነበር።

በመጨረሻ በላ። እግሮቹን ወደኋላ ተክሎ አንገቱን ብቻ አስረዝሞ ቁራጩን ከጣቴ ላይ ወሰደ። በማግሥቱም ወሰደ። እየቆየ ኳሱን ራሱ አመጣልኝ፤ ሣሩ ሲያድግ ሜዳው ላይ በግራ ጉልበቴ ሥር መሄድ ጀመረ። ዴትማር የሜዳውን አጥር ተደግፎ «ሹፌሩ፣ ቀጥ በል! ሐዲድ የለም ብለህ ነው እንዲህ የምትወላገደው?» ይለኛል። አንድ ከሰዓት ከሜዳ ስንመለስ ፋልኮ የመኝታ ቤቱን በር ሳያሸት አለፈ። ኢልዜ ከውስጥ የጥፍሩን ኳኳታ ስታዳምጥ ኖሯል።

«አለፈ?» አለችኝ ስገባ።

«አለፈ።»

«ጎሽ» አለችና ፊቷን ወደ ትራሱ አዞረች።

ወጣት ውሻ ማንኛውም ውድድር ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያልፈው ፈተና አለ። ከፈተናው አንዱ ክፍል እንዲህ ነው፤ አራት ሰዎች ሜዳው መሀል ይቆማሉ፤ ከውሻህ ጋር በመካከላቸው ትሄዳለህ፣ ከአንዳቸው አጠገብም ትቆማለህ። ውሻው ዞር ብሎ ማንንም ማየት፣ ማሽተትም የለበትም። ቀኑ ሲደርስ ኢልዜ ከአራቱ አንዷ እኔ ነኝ አለች።

ዴትማር እንኳ ደነገጠ። «ኢልዜ፣ ወደ አንቺ ከመጣ ወደቀ ማለት ነው። የኤቫልትን ልፋት አታበላሺ።»

«ከወደቀ አልጨረስንም ማለት ነዋ። ሳላውቅ መሄድ አልፈልግም። አንተም» አለችኝ «የምትቆመው እኔ አጠገብ ነው። ሌላ ሰው ጋ ቆመህ እንዳታታልለኝ።»

እኔ ውሻው እንዲወድቅ ተመኘሁ። ሌሊቱንም እሱኑ ስጸልይ አደርኩ። ከሜዳው ይባረር፣ ዳኛው ይቆጣ፣ ዴትማር ይሳደብ፤ ብቻ እሷን አይቶ ያብድ፣ ደረቷ ላይ ይዝለል፣ ትቀፈው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ከዚያ በኋላ እናያለን አልኩ።

ኢልዜ በክበቡ ልጆች ተደግፋ መጥታ ቆመች። ኮቷ ሰፍቷታል፤ የመድኃኒቷ ሽታ ከሩቅ ይሰማል። ዳኛው ምንም አያውቅም። ጀመርን። የመጀመሪያውን ሰው በግራ፣ ሁለተኛውን በቀኝ ዞርን፤ ከዚያ እሷ አጠገብ ቆምኩ። ፋልኮ በእኔና በእሷ መካከል ቁጭ አለ። ጆሮው ከጣቶቿ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ኢልዜ ወደ ፊት ወደ ዛፎቹ ታያለች፤ እጇን አልዘረጋችም።

ዞር በል አልኩት በልቤ። ያሳደገችህ እሷ ናት፣ ዞር በል እንጂ!

ፋልኮ ቀና ብሎ የሚያየው የእኔን ፊት ነበር። አፍንጫው አንድ ጊዜ ተርገበገበ፤ ሽታዋ ደርሶታል። ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ስንቀሳቀስ ተከተለኝ፤ ኮቷን ታክኮ አለፈ።

ከመሀላቸው ስንወጣ ዳኛው ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጠኝ። ያኔ ውሻው ይሞገሳል፤ ወዲያው መሆን አለበት፣ ከዘገየህ ለምን እንደተሞገሰ አያውቅም። በዕድሜዬ ሙሉ ያን ውሻ በዚያች ቅጽበት የጠላሁትን ያህል የጠላሁት ፍጥረት የለም።

«ኤቫልት! አሞግሰው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለ ዴትማር።

ጎንበስ አልኩና ባለኝ የደስታ ድምፅ ሁሉ «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» አልኩት። ዘሎ ደረቴ ላይ ወጣ፤ አገጬን ላሰኝ። ከኋላዬ ኢልዜ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ብዞር እሱም አብሮኝ ይዞራል፤ ስለዚህ አልዞርኩም፤ ጎበዝ፣ ጎበዝ እያልኩ መጮኼን ቀጠልኩ።