ከነጩ ቀለም ሥር

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ያን ቀን ትንሽ ቸኩሎ ነበር» አለ ዋርሳዋ፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ። «ራሱንም አዙሮት ይሆናል። እንጂ መደገፊያው ብረት ደህና ነበር።»

ለቅሶ ደራሾቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሚስቲቱ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችው። ባሏ ከድልድይ ወድቆ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም በነዚህ ቀናት ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳወራው እሱም አያውቀው፤ እንግዳ በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። እሷን ከሁለቱም ይልቅ ያንገበገባት «ቸኩሎ ነበር» መባሉ ነው።

ባሏ መቼ ቸኩሎ ያውቃል? የትልቁ ድልድይ ጠጋኝ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «ብሎን» የሚሉት የላላ ብሎን አይቶ ማለፍ ስለማይችል ነው። ከአባቷ ጋር ሊተዋወቅ የመጣ ቀን እንኳ፣ ሳይቀመጥ ወንበሩን ነቅንቆ «አባባ፣ ይቺ እግሯ ላልቷል» አለ። አባቷም «ልጄን ልትወስድ ነው የመጣኸው ወይስ ወንበሬን ልትጠግን?» አሉት። ሁለቱንም አደረገ።

ድልድዩም ላይ ያው ነበር። በእግረኛው መንገድ ዳር የቆሙትን ብረቶች አንድ በአንድ እየነቀነቀ ይሄዳል። የላላ ካገኘ ጫፉን ቀይ ይቀባዋል፤ ቀይ ያለበትን ማንም አይደገፍም። አዲስ ብሎን ከመጋዘን እስኪወጣ ወር ይፈጃል። እስከዚያ በእግረኛውና በገደሉ መሀል ያለው ያ ቀይ ቀለም ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የማትታወቅ ሴት ገባች። በየቀኑ ድልድዩን ተሻግራ ሥራ የምትሄድ ልብስ ሰፊ ነበረች።

«አታውቂኝም» አለች፣ ከጎኗ ቁጭ ብላ በሹክሹክታ። «እሱ ግን በየጠዋቱ ‹እህቴ፣ ቀዩን እንዳትደገፊ› ይለኝ ነበር። ሰኞ አመሻሽ ላይ ስመለስ መደገፊያው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ተቀብቷል። ቀይ የሚባል የለም። ጠገኑት፣ ተመስገን ብዬ ልጄን አስደግፌ የጫማዋን ክር አሰርኩላት። በነጋታው እሱ ወደቀ ሲሉኝ...»

የሚስቲቱ ዓይን ወደ ዋርሳዋ ሄደ። የድልድዩ ቀለም ቀቢ እሱ ነው። ሥራ ያስገባው ወንድሙ፣ የቀዩን ትርጉም ያስተማረውም ወንድሙ። ጥፍሩ ሥር ነጭ ቀለም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ እጅ ነው ሻይ ያቀበላት።

«ና እስቲ» አለችውና ጓዳ ገቡ። በሩን ዘጋችው።

«ቀዩን ማን ሸፈነው?»

ዓይኑን ወደ ተዘጋው በር ሰደደ።

«አንተን እኮ ነው።»

«አለቃው ነው ያዘዘኝ። ማክሰኞ ድልድዩን የሚጎበኙ እንግዶች አሉ፣ ቀዩ ያሳፍረናል አለ። ለአንድ ቀን ብቻ ነው አለኝ።»

«ለወንድምህስ ነገርከው?»

«ዕረፍት ላይ ነበር። ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ። ጠዋት ቀድሜው እደርሳለሁ ብዬ...» እንባው መጣ። «የድልድዩ ዘበኛ እንዳለኝ፣ ቀዩ ሲጠፋበት የላሉትን እንደገና ሊለይ አንድ በአንድ እየነቀነቀ ሳለ አንዱ አብሮት ተነቀለ።»

ሚስቲቱ ግድግዳውን ተደገፈች። የእናቱ ልጅ ነው የከዳው። መክዳቱ ሳያንሰው ጥፋቱን ለሟች አሸክሞ ሲያለቅስ ከረመ፤ እሷም አብራው አለቀሰች። ከባሏ ሞት ቀጥሎ ይህ ለቅሶ አመማት።

«ስንት ነበሩ?»

«አሥራ አንድ። አሁን አሥር።»

«ሰው ዛሬም እየተደገፋቸው ነው?»

አንገቱን ደፋ።

«የትኞቹ እንደሆኑ ታስታውሳለህ?»

«በእጄ ነው የሸፈንኳቸው።»

«እንግዲያው ቀይ ቀለም ይዘን እንሄዳለን። መጀመሪያ ግን እዚያ ክፍል ገብተህ ወንድምህ ቸኩሎ እንዳልነበር ትናገራለህ።»

«አለቃው ከሰማ ከሥራ ያባርረኛል። ልጆች አሉኝ እኮ።»

«ልብስ ሰፊዋም ልጅ አላት።»

ተናገረ። ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ ግን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ሽማግሌው አጎቱ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሚስቲቱ ነጠላ ጫማዋን ስታጠልቅ አክስቷ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም። ሰው ምን ይላል?»

«ይበል፣ አክስቴ። እመለሳለሁ።»

ድልድዩ ላይ ንፋሱ ያንገላታል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይርዳል። ዋርሳዋ የቀለም ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ ፊት ፊት ሄደ፣ እሷ ከኋላ። አንዱን ቀባ፣ ሁለተኛውን ቀባ። አንድ መንገደኛ ቀዩን አየና ሳይጠየቅ ወደ መሀል ጠጋ አለ።

አምስተኛው ባሏ ከወደቀበት ክፍተት አጠገብ ነበር። ክፍተቱን በገመድ ብቻ አጥረውታል። ዋርሳዋ ጠርዙ ላይ ተንበረከከ፤ ብሩሹን ቢያነሳም ብረቱ ጋ ሊያደርሰው አልቻለም። ቁልቁል አየና ደርቆ ቀረ።

እሷ ከኋላው መጣች። ፊቱን ማየት አልፈለገችም። ፊቷን ወደ መኪናው መንገድ መልሳ፣ እንዳይወድቅ ቀበቶውን ከኋላ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«ቅባ» አለችው።