የፊቲያው ሐሪማ

ስዊድን አገር፣ ፊቲያ ሰፈር ያሉ ወሎዬዎች ምድር ቤት ያለችውን፣ ሎካል የሚሏትን አዳራሽ ተከራይተው ሐሙስ ሐሙስ ለዱዓ መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ ሐሪማ እንበላት ያለው የማኅበሩ መሪ ሙሀይሚን ነበር። ቃሉ ከዐረብኛው ሐረም የመጣ ነው አለ፤ የተከለከለ፣ የማይደፈር ማለት ነው፤ ሐራምም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። የአገር ቤቱን ወግ ደግሞ ዓወል ይንገረን ተባለ።

ዓወል በፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ወለል ሲወለውል ያረጀ፣ ትምህርቱን ከመንገድ የተወ ሰው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ “አንተስ ምን ትላለህ?” ያለው ሰው የለም። እሱ እንደሚለው ማለት ነው።

ወሎ ውስጥ አያቱ የኖሩበትን ሐሪማ፣ የተከበረውን የሼሆች ግቢ፣ አወራ። እዚያ የሚከለከለው መሣሪያ ብቻ አይደለም፣ ቂምም ነው። ሰው የገደለ እንኳ ሸሽቶ ደፉ ላይ ከተቀመጠ የሟች አባት አይነካውም፤ ይልቅ በገዛ እጁ ይዞ ያስነሣዋል።

“ያላስነሣው እንደሆነ ሐሪማውን ያፈረሰ እሱ ነው” አለ ዓወል ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የዚያን ዕለት ቁመቱ የጨመረ መሰለው። ታናሽ ወንድሙ ሱሀይልም ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ወንድማማቾቹ ከተኳረፉ ቆይተዋል። እናታቸው ደሴ ላይ ሲያርፉ ዘመድ ንጋት ላይ ተሰብስቦ ሃግሴትራ ወደሚባለው የሱሀይል ሰፈር ሄደና አረዳው። ዓወልን ግን ማንም አላረዳውም፤ አንዱ ሌላው ነግሮታል ብሎ። ዓወል በቱነልባና፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ሥራ ሊገባ ሲሄድ ስልኩን ቢከፍት የእናቱን ፎቶ አየ፤ ከሥሩ አገር ምድሩ “አላህ ይዘንላቸው” ብሎበታል። በማያውቃቸው ፈረንጆች መሀል የባቡሩን ብረት ይዞ እንደቆመ አለቀሰ። “ለእናቴ መርዶ እንኳ ሰው ሆኜ አልተቆጠርኩም” ይላል እስከ ዛሬ፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም።

የሐሪማው ወግ በተወራ በሳምንቱ ዓወል ወደ ሎካሉ ሲወርድ ሱሀይል ደፉ ላይ ተቀምጧል። ሰዉ ከውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።

“አያ፣ ሐሪማ ገብቻለሁ” አለ ሱሀይል አንገቱን ደፍቶ። “አንተን ማርዳት የኔ ፋንታ ነበር። አጥፍቻለሁ። አንሣኝ።”

የዓወል እጅ ሊዘረጋ ምንም አልቀረው። ቀና ቢል ግን የሙሀይሚንን ፊት አየ፤ የሴቶቹን ፊት አየ። ሱሀይል ደፉ ላይ እንደሚቀመጥ ሁሉም ቀድመው ሰምተዋል። ዛሬም አገር ያወቀውን ነገር መጨረሻ የሰማው እሱ ነው! ያ የቱነልባናው ጠዋት ትዝ አለው።

“የምን ሐሪማ?” አለ። “የኪራይ ምድር ቤት ነው። ሐሪማ ያማረው ወሎ ይሂድ።”

ከዚያም ወንድሙን ተራምዶት ገባ።

ሱሀይል ጥቂት እንደተቀመጠ ቆየ። ኋላም ጉልበቱን ደግፎ ተነሣ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ሄደ። ዱዓው ተደረገ፤ ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ አሚን የሚለው ድምፅ ከሆድ አልወጣም።

ሰዉ ሐሙስ ሐሙስ መምጣቱን አልተወም። ሐሪማ የሚል ግን ጠፋ፤ “ሎካል ትመጫለሽ?” ሆነ ወሬው። ዓወልን የወቀሰው የለም። ቢወቅሱት በተሻለው፤ ለወቀሳ ሁልጊዜ መልስ አለው። ሌሊት ጎኑን ሲያገላብጥ የሚታየው እናቱም ቱነልባናውም አይደሉም፤ ከእግሩ ሥር ዝቅ ያለው የወንድሙ ሽበት ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ሃግሴትራ ሄደ። የሱሀይል ሚስት ሙፈሪሃት ከፈተችለት። ዓወል ሳይገባ ደፉ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል፣ ሱሀይል ብቅ ብሎ ክንዱን ያዘውና ሶፋው ላይ አስቀመጠው።

“ጥፋተኛው እኔ ነኝ” አለ ዓወል። “አፉ በለኝ።”

“አፉ ብያለሁ። ያኔውኑ ብያለሁ” አለ ሱሀይል፤ ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። “ግን አያ፣ በሰው ፊት ተራመድከኝ። እንደ ዕቃ። አፉ ማለት እችላለሁ፤ ያንን እንዳልሆነ ማድረግ ግን አልችልም።”

ሙፈሪሃት “ይጠጡ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል” ብላ ሻይ አቀረበችለት። ከጓዳ ልጃቸው ሚስኪ ማን እንደመጣ በስዊድንኛ ጠየቀች።

ሱሀይል ጥቂት አመነታ።

“እንግዳ ነው” አላት።

ዓወል አመሰገነና ሻዩን አነሣ።