ቁልፍህ ወልቋል

ልብስ ሰፊው ደም ብዛት እንዳለበት ከተነገረው ብዙ ዘመኑ ነው፤ ኪኒን መዋጥ ግን አንድም ቀን ሆኖለት አያውቅም። ገና ሲያየው "ነገ እውጠዋለሁ" ይል ነበር፣ ያ ነገ መቼም ላይመጣ። መላ ያገኘችለት ሚስቱ ናት። አንድ ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ ወደ ስፌት መኪናው ሊሄድ ሲል፣ "አንተ ሰውዬ፣ ቁልፍህ ወልቋል!" አለችው። ልብስ ሰፊ ደግሞ ይህን ሰምቶ ዝም አይልም። ደንግጦ ደረቱን እየዳበሰ "የቱ ጋ?" ሲል፣ "ጋ" ብሎ በከፈተው አፉ ኪኒኑን ጣል አደረገችበት። ለካ በሌላ እጇ ውሃ ይዛ ኖሯል።

ተንኮሉን ካወቀ በኋላም ጨዋታው አልቀረም። ጠዋት ጠዋት ትጣራለች፣ እሱም ደረቱን ይዳብሳል፣ "የቱ ጋ?" ብሎ አፉን በርግዶ ይጠብቃል። እንዲህ ተሳስቀው አረጁ። ደግ ዘመን ነበር።

እሷ ካረፈች ወዲህ ኪኒኑ ከቁልፍ ጣሳው አጠገብ አቧራ ይጠጣል። ሰው ሲጠይቀው "ምንም አላመመኝም" ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ በገዛ እጁ መዋጥ እሷ የለችም ብሎ ማመን ሆነበት። ልጁ ደውላ "አባዬ፣ ኪኒንህን ዋጥክ?" ስትለው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ "እንዴታ!" ይላታል።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛው እሱ የሰፋለትን አዲስ ኮት ለብሶ መቆለፍ አቃተው። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ የተቀደዱት በቀኝ በኩል፣ እንደ ሴት ልብስ ነበር።

"ጌታው፣ ይሄ የሚስቴ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

ሰፊው አብሮት ሊስቅ ሲል ቤቱ ዞረበት። ደንበኛው ደግፎ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ነርሷ የደም ግፊቱን ስትለካ ፊቷ ተለዋወጠ።

"አባት፣ መድኃኒትዎን ትተዋል አይደል? እንዲህ ከቀጠሉ አንድ ቀን ይሄ እጅዎ አልታዘዝም ይልዎታል።"

ሰፊው መርፌ የለመደ እጁን ወደ ኪሱ ከተተው።

ማታ ልጁ መታመሙን ሰምታ እየበረረች መጣች። "የእማዬ እንባ ሳይደርቅልኝ አንተንም ልቅበር?" ብላ ጮኸችበት። መዋሸት ሰለቸውና የቁልፉን ነገር ከነተንኮሉ ነገራት።

"እኔኮ አልጋዬ ላይ ሆኜ እየሰማሁ፣ ልብስ ሰፊ ሆኖ የራሱ ቁልፍ በየቀኑ ይወልቃል እያልኩ ስንት ዓመት አፈርኩብህ!"

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የሳቁ እንባ የትኛው፣ የሐዘኑ የትኛው እንደሆነ አልለየላቸውም።

እዚያው አደረች። ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ ሊወጣ ሲል፣ ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ። አባቷን በዚህ አጠራር ጠርታው አታውቅም፤ ድምፁ ደግሞ ቁርጥ የእናቷ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ቁልፍህ ወልቋል!"

እጁ ሳያዘው ወደ ደረቱ ሄደ።

"የቱ..." አለና ወደ ድምፁ ዞረ። ልጁ ኪኒኑንና ውሃውን ይዛ ፊቱ ቆመች። አልቸኮለችም።

"...ጋ?" አለ በመጨረሻ፣ አፉንም እንደከፈተ ጠበቃት።