የብሩኬ ሰማንያ አንድ ቀን

ተናኘ ቶሮንቶ ላለው የቤተ ክርስቲያኗ ሰው ሁሉ ወንድሟ ብሩኬ ለሥራ ሩቁ ምዕራብ፣ አልበርታ ሄዷል ብላለች። ይህን ያለችው አምና በማርች፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ይዛ ቆማ ሳለ፣ ጠጂቱ የምትባል ሴት "ብሩኬ የት ጠፋ?" ብላ ስትጠይቃት ነው። ውሸቱ አምልጧት ነበር የወጣው። ከወጣ በኋላ ግን እንደ ሕፃን ልጅ በየሳምንቱ እንክብካቤ ጠየቀ። ቅዝቃዜውን እንዴት ቻለው ሲሏት ወፍራም ጃኬት ገዛችለት። ምን ይበላል ሲሏት አብሮት የሚኖር ኤርትራዊ ፈጠረችለት፤ ያውም ወጥ አሳምሮ የሚሠራ።

እውነቱ ይኸውና። ብሩኬ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀረጥ ያልተከፈለበት ሲጋራ ጭኖ ተያዘ። "ሳጥኑን አልከፈትኩትም" ይላል፤ እውነቱን ይሆናል፣ ግን የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ሳጥን የማይከፍተው ውስጡ ያለውን ሲጠረጥር ነው። ጭነቱ ሁለት ስቴት ስላቋረጠ ሁለት ከሳሽ መጣበት። የስቴቶቹን ስም አልጠራም፣ የፊተኛውና የኋለኛው እንበላቸው። ሁለቱም ፈረዱበት፤ ደግነቱ ቅጣቶቹ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ተባለለት፤ አንድ ቀን ሲታሰር ለሁለቱም ይቆጠርለታል ማለት ነው። የፊተኛው ቅጣት አለቀና ለኋለኛው ተላለፈ። የኋለኛው ግን አሥራ አራቱን ወር መቁጠር የጀመረው ከፈረደበት ቀን፣ ከአምናው ጁን 23 ነው። በዚያ ስሌት የሚፈታው ኦገስት 23 ነው።

ኦገስት ደግሞ ለሐሴት አይሆንም። ሐሴት የብሩኬ ልጅ ናት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ አባቷና አክስቷ ናቸው ያሳደጓት፤ አሁን ከተናኘ ጋር ክሬሰንት ታውን አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ቤተ ክርስቲያናቸው የራሱ መጠመቂያ ገንዳ የለውም፤ በዓመት አንድ ቀን ከኮሪያውያን ጎረቤቶቹ ይዋሳል። የዘንድሮው ጁን 29 ነው። ሐሴት አምና ተራዋ ደርሶ ስሟን አሰርዛለች። አባቷ ቆሞ ሳያያት ውሃ ውስጥ አትገባም። በሴፕቴምበር ደግሞ ለትምህርት ሃሊፋክስ ትሄዳለች።

"አይ ካን ዌይት፣ አክስቴ" አለቻት አንድ ቀን ጫማዋን እያሰረች። "ኔክስት ይር መጥቼ እጠመቃለሁ። ኢትስ ፋይን።"

ፋይን እንዳልሆነ ፊቷ ይናገር ነበር።

ተናኘ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። በምሳ ሰዓቷ እቃ ክፍል ገብታ በኋለኛው ስቴት ለወንድሟ የተመደበችለትን ጠበቃ ኮል አደረገች። ሴትዮዋ ችኩል ብትሆንም ደግ ነበረች።

"ወንድምሽ ሳይፈረድበት በፊትም በእኛ ስቴት ጥያቄ ታግዶ ከነበረ እነዚያ ቀናት ይቆጠሩለታል" አለቻት። "የእኛ ሰዎች የእግዱ ወረቀት መጀመሪያ የታሰረበት እስር ቤት የደረሰው ጁን ላይ ነው ይላሉ። ቀድሞ ደርሶ ከሆነ የደረሰበትን ቀን ንገሪኝ።"

"እስር ቤቱን ብትጠይቂውስ?"

"ጠይቄያለሁ። መዝገቡ በእጅ የተጻፈ ነው። ቀኑን ስጪንና ገጹን እናወጣለን አሉኝ። የአራት ወር መዝገብ ቁጭ ብሎ የሚያገላብጥልኝ የለም።"

ማታውኑ ብሩኬ ሲደውል ተናኘ ቀኑን ጠየቀችው።

"ኤፕሪል መሰለኝ፣ ወይ ሜይ" አላት። "እዚህ ውስጥ እኮ ቀን ከቀን አይለይም።" ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። "እህት አበራሽን ጠይቂያቸው፣ እሳቸው ይጽፋሉ።"

"የትኛዋን አበራሽ?"

"የጸሎት ክፍሏን ነዋ። ረቡዕ ረቡዕ እደውልላቸዋለሁ።"

ተናኘ ክው አለች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ሳምንት።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም። ስለ ጃኬቱ፣ ስለ ኤርትራዊው፣ ስለ ወጡ ስታወራ እህት አበራሽ ፊት ለፊቷ ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ታያት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣች ፓርክዴል ሄደች። እህት አበራሽ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሆቴል አንሶላ አጥበው ጡረታ የወጡ፣ የጸሎት ርዕስ የሚነግራቸውን ሰው ቃል እንዳለ ከነቀኑና ከነሰዓቱ የሚጽፉ ሴት ናቸው። ለምን እንደሚጽፉ ሲጠየቁ "እግዚአብሔር ሲመልስ የቱን እንደመለሰ ማወቅ አለብኝ" ይላሉ። ተናኘ የመጣችበትን ስትነግራቸው ምንም አልጠየቋትም። ከሶፋው ሥር ካርቶን ሳቡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የአምናውን ደብተር ገለጡና ሰጧት።

*ረቡዕ ኤፕሪል 3። ብሩኬ። ዛሬ ጠዋት ጠባቂው ሌላው ስቴትም ይፈልግሃል፣ ከእንግዲህ ዋስ የለህም ብሎ ወረቀት አስፈረመው። ልቡ ተሰብሯል።*

ተናኘ በጣቷ ቆጠረች። ከኤፕሪል 3 እስከ ጁን 22፣ ሰማንያ አንድ ቀን። ሰማንያ አንድ ቀን ከኦገስት 23 ላይ ሲቀነስ ጁን 3 ይሆናል። ከጥምቀቱ በፊት። ደስታዋ ግን አፏ ላይ ቀረ፤ ዐይኗ ከሥር ያለውን መስመር አንብቦ ነበር።

*ደግሞ ለእህቱ ለተናኘ። በእሱ ምክንያት አንገቷን እንዳትደፋ። የምትነግራችሁን ሁሉ አምናችሁ ተቀበሏት ብሏል።*

የሚቀጥለውን ረቡዕ ገለጠች። ለእህቱ ለተናኘ። ሜይን ገለጠች። ለእህቱ ለተናኘ። ሰውዬው አንድም ሳምንት አልዘለለም። እሷ እሱን የደበቀች መስሏት ስትኖር፣ እሱ እስር ቤት ቁጭ ብሎ እሷን ሲደብቃት ከርሟል።

"ማን ማን ያውቃል?" አለች እንባዋ እየቀደማት።

"የጸሎት ክፍሉ ነዋ።"

"እሱማ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ነው።"

"ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል" አሉ እህት አበራሽ።

"ታዲያ ስለ አልበርታ ስትጠይቁኝ የነበረው?"

"ካልጠየቅንሽ ትጠረጥሪ ነበራ፣ ልጄ። እኔማ በየሳምንቱ የምጠይቅሽን አስቤ ነው የምመጣው።" መነጽራቸውን አወለቁ። "የዚያ ኤርትራዊ ወጥ ግን ትንሽ በዛ።"

ተናኘ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ልቅሶው ብቻ ቀረ፣ እህት አበራሽም ጀርባዋን እየዳበሱ ተዉአት።

ጠበቃዋ ቀኑን እንዳገኘች ለእስር ቤቱ ጻፈች። ተናኘ ግን መልሱን አልጠበቀችም። እሁድ ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ተነሥታ ማይክሮፎኑን ያዘች።

"ወንድሜ ታስሯል" አለች። "አልበርታ ሄዶ አያውቅም። ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ሰማንያ አንድ ቀን እንዲቆጠርለት ጸልዩልን።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እንደ አዲስ ይደንግጥ ወይስ አይደንግጥ ማንም አልወሰነም ነበር። ጠጂቱ ብቻ ግዴታዋ መስሏት ዘግይታ "ውይ" አለች፤ ሐሴት በሳቅ ፈነዳች፤ ከኋላ አንድ ሰው ተከተላት፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ተናኘ ማይክሮፎኑን እንደያዘች አብራ ሳቀች፤ አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሣ ተሰማት።

መዝገቡ በሁለት ሳምንት ተገኘ። ኤፕሪል 3፣ ከጠዋቱ ዘጠኝ ከአርባ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የእግድ ወረቀት ደርሷል ይላል፤ ከሥሩ የብሩኬ ፊርማ አለ። ዳኛው ሜይ አጋማሽ ላይ ሰማንያ አንዱንም ቀን ቆጠሩለት።

ብሩኬ ሲደውል ዜናውን ከጠበቃዋ ሰምቶ ነበር።

"ድንበሩ ላይ ድልድዩ ጋ አምጥተው ይለቁኛል። ከዚያ በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ አትድከሚ።"

"ሁለት ቫን ሞልተን እንመጣለን" አለችው። "ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ እየተባለ ጭቅጭቁ ከአሁኑ ተጀምሯል።"

"ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"አላፈርሽብኝም?"

"አፈርኩ እንጂ። ከዓመት በላይ አፈርኩ፣ ምን ጠቀመኝ?" አለች ተናኘ። "አሁን ናፍቀኸኛል። ና ብቻ።"

የእስር ቤቱ ስልክ ሰዓቱ ሞልቶ ከመቆረጡ በፊት ሦስት ደቂቃ ቀርቷቸው ነበር። ሦስቱንም ደቂቃ ማንም ስልኩን ሳይዘጋ፣ ማንም ሳይናገር፣ አብረው አሳለፉት።