አጥንቱ የእኔ፣ ቆዳው ያንቺ

ልጄ ሲያመው ከሚስቱ ቀድሞ ወደ እኔ መምጣቱ ደስ ይለኝ ነበር። የፈለገ ይታዘበኝ።

ቀለም ቀቢ ነው። ከሥራ ሲመለስ ጎራ ይልና የሸሚዙን ቁልፍ ፈቶ፣ "እማዬ፣ እዚህ ጋ" ይለኛል። ከአንገቱ ሥር፣ ደረቱ ላይ ያለው አጥንት አብጧል። እጁን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ ስለሚውል ነው ብዬ ፎጣ በሙቅ ውሃ እየነከርኩ እይዝለታለሁ። "ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች" ሲለኝ ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

ምራቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን እኮ ይቀለኝ ነበር። ልጄ ለእኔ ፈገግ ካለ ለእሷ ጥርሱ እስኪረግፍ ይስቃል። በሠርጋቸው ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እንግዲህ አጥንቱ የእኔ፣ ቆዳው ያንቺ" አልኳት። ሰው ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

እብጠቱ አልመለስ ሲል አጥንት ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዶክተሯ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ አየችው። "ካንሰር እንዳይሆን ሰግቻለሁ። ከአጥንቱ ቆርሰን እንመርምር" አለች። ያን ጊዜ እንኳ ለምራቴ ትንፍሽ አላልኩም።

በቀጠሮው ቀን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጠዋት ነግሯት ኖሯል። ብግን አልኩ።

ሦስታችንም ገባን። ዶክተሯ፣ "ሌላ የሚያምህ ቦታ አለ?" ስትለው እጁን ኪሱ እንደከተተ "የለም" አለ።

"እጁስ?" አለች ምራቴ።

"የምን እጅ?" አልኩ።

ጎትታ አወጣችው። መዳፉ መግል በቋጠሩ ነጠብጣቦች ተሞልቶ ቆዳው ተልጧል። "ውስጥ እግሩም እንደዚሁ ነው። የቀለም ማቅጠኛው ቲነር ያቃጠለው መስሎኝ ቅባት እቀባዋለሁ። ለእማማ እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው።"

በገዛ ልጄ እጅ ባዳ ሆንኩ። ስለ ካንሰሩ ማሰብ ሲገባኝ፣ ያን መዳፍ እየዳበሰች የምትቀባው እሷ መሆኗ አንጀቴን አሳረረው።

ዶክተሯ መዳፉን አገላብጣ አየች፣ ደረቱን ነካካች፣ ወደ ራጁም ተመለሰች። "ይሄን ለምን ደበቃችሁኝ?" አለች። "ሁለት ሳይሆን አንድ በሽታ ይመስለኛል። ብዙ የማይገጥም ብግነት አለ፣ አጥንትንም መገጣጠሚያንም ቆዳንም አብሮ የሚያስቆጣ። የሚቀር ምርመራ አለ፤ ከአጥንቱ መቁረሱን ግን እናቆየው። እሱ ከሆነ መድኃኒት አለው።"

ምራቴ አለቀሰች። እኔ ወደ ልጄ ዞርኩ። "ለእኔ ደረትህን፣ ለእሷ እጅህን የምታሳየው ምን ልትሆን ነው?"

መሬት መሬት እያየ፣ "አንቺው አይደለሽ ለሁለት ያካፈልሽኝ?" አለኝ። "አጥንቱ የእኔ፣ ቆዳው ያንቺ ብለሽ። ማናችሁም እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው።"

እጄን ሰድጄ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፍኩለት።

ዶክተሯ የምርመራውን ማዘዣ እየጻፈች፣ "ከእንግዲህ ደረቱንም እጁንም የሚከታተል አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ማን ይሁን?" አለች። ልጄ ማናችንንም አላየም።

"እሷ ትሁን" አልኩ።

ምራቴ እንባዋን ጠርጋ ቀስ ብላ፣ "አጥንቱንም?" አለችኝ።

"አጥንቱንም" አልኩ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ።