ከውጭ የተዘጋው በር

ልጆቼ፣ ከወንዙ ዳር የቆመውን ያን ትልቅ መንኮራኩር ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ ሁሉ እየመጣ በመስታወት ክፍሎቹ ተቀምጦ ከተማውን ከላይ የሚያይበትን። እኛ ጎማው ነው የምንለው። ባለቤቴ የእሱ በር ዘጊ ነበር። ጎማው አይቆምም፤ ቀስ እያለ ይዞራል። ክፍሉ መሬት ጠጋ ሲል ሰው ይገባል፣ ባለቤቴ በሩን ገፋ፣ መቀርቀሪያውን ቀጭ፣ በመዳፉ ቸብ ቸብ፤ በቃ፣ ሂዱ ማለቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያሳፍር እሱ አንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም። እኔም ካላንተ አልወጣም ብዬ ቀረሁ።

“ጡረታ ስወጣ አብረን” ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው የሥራ ቀን ደረሰ። ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ።

“እማማ፣ ዛሬማ ሙሽራ መስለዋል” አለችኝ ትኬት ቆራጯ።

“ሙሽራውን ያዥልኝ እንጂ፣ እንዳያመልጠኝ።”

ክፍላችን መጣ። ክንዴን ይዞ አስገባኝ፤ “ቀስ፣ እግርሽን” አለኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ ኋላ ወረደና በሩን ገፋ፣ ቀጭ፣ ቸብ ቸብ።

ከውጭ።

በመስታወቱ ተያየን። እሱ አፉን እንደከፈተ ቀረ፣ እኔ ወደ ላይ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ድልድዩን አየሁ፣ ገበያውን አየሁ፣ የቤታችንን ጣሪያ አየሁ። ባለቤቴ ጎረቤታችን ወሰደው ብሎ የተኳረፈበት የልጅ ልጃችን ኳስ እዚያ ላይ ቁጭ ብሏል! “አየኸው?” ልል ዞር ስል ጎኔ ባዶ ነው። ወደ ታች ፈለግሁት። ፈርቶ ይሆን? ዛሬ ካልወጣ፣ ከእንግዲህ እዚህ ምን ያመጣዋል?

ስወርድ ባርኔጣውን እያሻሸ ጠበቀኝ። በሩን ከፈተ።

“እጄ ነው” አለ። “ለምዶበት ነው።”

“እጅህ ብቻውን ነው ሥራ የሚመጣው?”

“ውረጂ በቃ፣ ሰው ይስቅብናል።”

“አልወርድም።”

“ኧረ ባክሽ፣ ክፍሉ እየሄደ ነው” እያለ ከጎን ከጎኔ ይራመዳል።

“ፈርተህ ነው?”

“ትንሽ” አለ፣ ትኬት ቆራጯ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“እኔስ ብቻዬን ስትሰደኝ አልፈራም? ና ግባ።”

ገባ። ትኬት ቆራጯ ሮጣ ዘጋችው፣ ቸብ ቸብ።

“መቀርቀሪያው በደንብ አልገባም” ብሎ ሊነሳ ሲል እጁን ያዝኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የወጣው። አናቱ ላይ ስንደርስ፣

“ኳሱ ጣሪያችን ላይ ነው” አልኩት።

አንድ ዓይኑን ገለጠ። “የታል?” ሁለተኛውንም ገለጠ። “እና ሰውየውን በከንቱ ነው የተቀየምኩት?”

“በከንቱ ነው።”

እስክንወርድ ድረስ ስለ ጎረቤቱ ሲያስብ መፍራቱን ረሳው። ትኬት ቆራጯ በሩን ስትከፍት እኔ ተነሳሁ፤ እሱ አልተነሳም።

“ድልድዩን አላየሁትም” አለ። “ዝጊው ልጄ፣ አንዴ እንድገመው።”