ሦስት ጊዜ የተራዘመው ፊርማ

አንድ ኮሚቴ ስብሰባውን «ላልተወሰነ ጊዜ» ሲያራዝም፣ ጊዜው የማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ኬሚስቷ አልጠየቀችም። ጥፋቷም እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የፕሮቲን ቁራጭ፣ ስትሠራና ስታፈርስ ኖራለች። የመርሳት በሽታ በያዘው አንጎል ውስጥ ፕሮቲኖች እርስ በርስ እየተያያዙ ይጓጉላሉ፤ የእሷ ቁራጭ መካከላቸው ገብታ ሰንሰለቱን ታስቆማለች። በሰው ላይ ልትሞከር ሲሆን ዘጠኝ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። አንዷ የገዛ እናቷ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ሕመምተኛው ራሱ ተረድቶ፣ በራሱ አፍ አስረድቶ ካልፈረመ ወደ ሙከራው አይገባም።

«እማዬ፣ መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?» ትላቸው ነበር በየማለዳው።

«እንደ ዚፕ ነው አላልሽኝም? ጥርስ ከጥርስ እየገባ ይዘጋል። ያንቺዋ ደግሞ ባንድ ጎኗ ደህና፣ በሌላው የተሞረደች ጥርስ ናት። እሷ ትገባለች፤ ከእሷ ወዲያ ግን የሚይዝ የለም።» ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዚፕ ለማበላሸት አሥራ አንድ ዓመት? እኔ ጋ ብትመጪ ባንድ ቀን አሳይሽ ነበር» ይሏታል።

የሚያስፈርመው ኮሚቴ ግን አልተሰበሰበም። መጀመሪያ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ቀጥሎ ሰብሳቢው ሽልማት ሊቀበሉ ሄዱ። ሦስተኛው ላይ አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ነበር። አምስት ወር አለፈ። ኬሚስቷ የሰብሳቢውን በር አንኳኩታ «ኧረ ፍጠኑ» ማለት ትችል ነበር። ለእናቷ አደላች እንዳይባል አፏን ይዛ ተቀመጠች። ይሉኝታ ስንቱን ገደለ። እናትየው ዚፑን «ያ የሚሳበው» ማለት ጀመሩ፤ ቆይተውም ጭራሹን ረሱት።

በመጨረሻ ኮሚቴው ተሰብስቦ የፊርማው ቀን ደረሰ። «እማማ፣ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ይነግሩኛል?» አላቸው ከኮሚቴው አንድ ወጣት ሐኪም።

ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ተነሥ እስቲ የኔ ልጅ። ትከሻህ ሳይለካ እንዴት ይሆናል?»

ተነሣላቸው። ከትከሻ ትከሻው በስንዝር ለኩት። «ጻፊው» አሏት ልጃቸውን።

«ምን ብዬ ልጻፍ እማዬ?»

«ያልኩሽን ነዋ።»

ምንም አላሏትም ነበር። ወረቀቱ ሳይፈረም ተመለሰ። ሌሎች ሦስት ሰዎችም በዚያው ሳምንት እንዲሁ ቀሩ።

በሠራተኞች ጉባኤ ላይ ሰብሳቢው ሪፖርት አነበቡ፦ አምስት ሕመምተኞች ተመልምለዋል፣ ሥራው በዕቅዱ መሠረት እየሄደ ነው። ተጨበጨበላቸው። ኬሚስቷ ተነሣች።

«ዘጠኝ ነበሩ።»

«እኅቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል» አሉ ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቢሮ ነይና ረጋ ብለን እንነጋገራለን።»

«ቢሮ አልመጣም። አምስት ወር ሙሉ አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን ይኸው በሰው ፊት ተናገርኩ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው። እነዚያ አራት ሰዎች መፈረም እየቻሉ ስብሰባው ለምን ሦስት ጊዜ ተራዘመ? እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ፣ በድምፅ ማጉያው ይመልሱ።»